የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዶሮው ይበላል፣ ሥጋው የታለ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዳርቻ 60 ሳሶ ዶሮዎች አሳድጋለሁ። መኖ ሲወደድብኝ ራሴ መቀላቀል ጀመርኩ፤ 70 ኪሎ በቆሎ፣ 28 ኪሎ ፉርሽካ፣ 2 ኪሎ ጨውና ኖራ። ከበፊቱ አብልጠው ይበላሉ፣ ክብደት ግን አይጨምሩም። አንዱን ሳርደው ሆዱ ቢጫ ስብ ነበር። «ታይሮይዳቸው (የአንገት ዕጢያቸው) ታሞ ይሆናል፣ አዮዲን ስጣቸው» ተብያለሁ። ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጡ። ዕጢው አልታመመም፤ የቀረበለትን መኖ እየተከተለ ነው።

መኖውን እናስላው። በቆሎ ከመቶ 9፣ ፉርሽካ 16 ያህል ፕሮቲን አላቸው። ከበቆሎው 6.3 ኪሎ፣ ከፉርሽካው 4.5 ኪሎ ይገኛል፤ ሲደመር ከመቶ 10.8 ነው። በማደግ ላይ ያለ ሳሶ የሚፈልገው ግን 18 ገደማ ነው። ዶሮው የጎደለውን ፕሮቲን ፍለጋ አብዝቶ ይበላል፤ አብሮም የማያስፈልገውን ስታርች ይውጣል። ትርፉ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ስብ ሆኖ ሆድ ላይ ይጠራቀማል፣ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ሙቀቱን የሚቆሰቁሰው ቲ3 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ዕጢው በብዛት የሚያመነጨው ቲ4ን ነው፤ አራት አዮዲን የተሸከመ፣ ብዙም ጉልበት የሌለው። ጉበትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አንዱን አዮዲን ሲነጥሉለት ቲ3 ይሆናል፤ ኃይለኛው እሱ ነው። ስታርቹ ሳይጎድል ፕሮቲን ብቻ ሲያንስ በጫጩት ደም ውስጥ ቲ3 ከፍ ይላል፤ በአይጥም ታይቷል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ቲ3ም ስቡም ይቀንሳል። ቲ3 ከፍ ብሎ ሳለ ስብ መከማቸቱ ግራ ያጋባል፤ ነገሩ ግን የሚበላው ከሚቃጠለው ስለሚበልጥ ነው። ብርድም ለብቻው ቲ3ን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ በውርጭ ወራት የመኖ ጆንያዎ ከሌላው ጊዜ ቀድሞ ቢያልቅ አይግረምዎ።

ይህን ቅልቅል ይሞክሩ (ለ100 ኪሎ)፦ በቆሎ 52፣ የኑግ ፋጉሎ 20፣ የተቆላ አኩሪ አተር 17፣ ፉርሽካ 8፣ የአጥንት ዱቄት 1.4፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1፣ አዮዲን ያለው ጨው 0.3፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) 0.3። ፕሮቲኑ 18.6 ያህል ይመጣል። ጨውንና ፕሪሚክስን መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ ፉርሽካ ጋር ያሹ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ክምር ይጨምሩ፤ አለበለዚያ አንዱ ዶሮ ጨው ሲጠግብ ሌላው ምንም አያገኝም። አሮጌውን መኖ በ5 እና 7 ቀን መካከል ቀስ እያሉ ይቀይሩ።

አኩሪ አተሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው 17 ኪሎ ጨምረው እንዳልጨመሩ ይሆናል። ሲቆሉ እሳቱን ለዘብ አድርገው ሳያቋርጡ ያማስሉ፣ ከዚያ አንዷን ሰብረው ይቅመሱ፤ የጥሬ አተር ጣዕም ካላት አልበሰለችም። ጥቁር እስኪሆን ማሳረርም ላይሲን የሚባለውን ዋና የፕሮቲን ክፍል ያጠፋል። ኑጉን ደግሞ «ርካሽ ነው» ብለው ከ20 አያሳልፉ፤ ገለባማ ነው፣ ላይሲኑም ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ይለዩ፦ በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ ፈጥኖ የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ሆዱ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ሲያርዱ የሚፈስ ቢጫ ውሃ ካዩ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ቲ3 ሲጨምር ደግሞ የኦክስጅን ፍላጎት ስለሚጨምር ይብስበታል። እርስዎ ያዩት ግን ስብ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከመንዝ። ለፋሲካ የማደልባቸው ጠቦቶች የገብስ ገለባ እንደልባቸው እያገኙ ከሱ። እነሱም ሙቀት እያባከኑ ነው?

መልስ፦ የለም፤ በግ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ገለባ ከመቶ 4 ያህል ፕሮቲን ነው ያለው። በጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ፕሮቲኑ ከመቶ 7 በታች ሲሆን ይራባሉ፤ ገለባው ሳይብላላ ይቆያል፣ በጉም «ጠግቤያለሁ» ብሎ መብላት ያቆማል። ያን ጊዜ የሚጎድለው ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ኃይልም ጭምር ነው፤ ሰውነቱም ቲ3ን ቀንሶ ቁጠባ ውስጥ ይገባል። «እንደልባቸው» የሚሉት ክምሩን አይተው ነው እንጂ ሆዳቸውን አይተው አይደለም።

20 ኪሎ ለሚመዝን የመንዝ ጠቦት በቀን 100 ግራም የኑግ ፋጉሎና 200 ግራም ፉርሽካ ይስጡ። ከ450 ግራም ገለባ ጋር የፕሮቲኑ አማካይ ከመቶ 11 ይሆናል። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ። በ50 ግራም ጀምረው በ10 ቀን ወደ ሙሉው ይድረሱ፤ በአንድ ቀን ከሰጡ ሆዱ ይነፋል ወይም ያስቀምጠዋል። ዩሪያ ማዳበሪያ በውሃ አሟሙቶ ማጠጣትማ ይገድላል፤ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ እርጉዝ በጎቼን የጎመንዘር ፋጉሎ እመግባለሁ። ሁለት ግልገሎች አንገታቸው አብጦ ተወለዱ።

መልስ፦ ይህ እንቅርት ነው፤ እዚህ ላይ አዮዲን የሚለው ሰው ልክ ነው። ጎመንዘር ውስጥ ያሉ ውህዶች ሲፈጩ ዕጢው አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳሉ። ያልታደለው ግልገል ቲ3 ስለሚያንሰው ሙቀት መሥራት ያቅተዋል፣ ጠጉሩም ሳሳ ብሎ ይወለዳል፤ በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ሊገድለው ይችላል። የተወለዱትን ደረቅ ጆንያ ላይ አድርገው ያሙቁ፣ እንገሩን ቶሎ እንዲጠቡ ያድርጉ፣ የእንስሳት ሐኪምም ያሳዩ። እናቶቹን ጎመንዘር ከመውለዳቸው 2 ወር በፊት ያስቁሙ፤ በኑግ ወይም በተልባ ፋጉሎ ይተኩ። አዮዲን ያለው ጨው ለእያንዳንዷ እናት በቀን 5 ግራም ይስጡ፤ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያባክኑ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት። የአሞሌ ጨው ይህን አይተካም።