የጋዝ ልብስ ማድረቂያ በጎንደር ያዋጣል ወይ?

እህታችን፣ ስምንት ሰው በሚኖርበት ቤት የሐምሌና የነሐሴ ልብስ አልደርቅ እንዳለዎት፣ ያለዎት የኤሌክትሪክ ማድረቂያም መብራት ሲደክም አንዱን ዙር ለመጨረስ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ፣ ወንድምዎ ከአሜሪካ በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ ሊልክልዎ እንዳሰበ ገልጸው «ወደ ጋዝ ብንቀይር ያዋጣናል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ አዘዞ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ማሽን መጠቀም ከጀመርኩም በርከት ያሉ ክረምቶች አልፈዋል። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ከሆነ አይቀይሩ። መብራት በሚደክምባቸው ወራት ልብስ የሚያደርቅልዎ ነገር ፈልገው ከሆነ ግን፣ ከዚህ በታች የማነሣቸው የተከላ ጉዳዮች ከተሟሉ፣ ይቀይሩ።

የወጪውን ነገር የማስቀድመው በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን «ጋዝ ይረክሳል» እያሉ ስለሚመክሩን ነው። ምክራቸው በሚኖሩበት አገር እውነት ነው፤ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ እስከ ቤት ስለሚደርስ፣ ለተመሳሳይ ሙቀት የሚከፈለው ከኤሌክትሪኩ ያንሳል። እኛ ዘንድ ግን ወደ ቤት የሚገባ የቧንቧ ጋዝ የለም፤ ያለን ከውጭ ተገዝቶ በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ሲሆን፣ የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ስሌቱን እርስዎ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። 1 ኪሎ ቡታ ጋዝ ሲቃጠል 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በማሽን በደንብ ተጨምቆ 3 ሊትር ገደማ ውኃ የቀረበትን የአንድ ዙር ልብስ ለማድረቅ፣ የሚባክነው ሙቀት ጭምር ታስቦ፣ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ በጋዝ ሲመነዘር ከሩብ ኪሎ ጥቂት ከፍ ይላል። የዕለቱን የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ በ0.27፣ በመብራት ሒሳብዎ ላይ ያለውን ታሪፍ ደግሞ በ3.5 አባዝተው ቢያስተያዩ፣ የትኛው እንደሚወደድ ያለ ማንም ምስክርነት ይረዱታል።

እንግዲያውስ ለምን ጋዝ መረጥክ ቢሉኝ፣ ምክንያቴ የቮልቴጅ መውረድ ነው። የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ሙቀት የሚሰጠው በሬዚስታንስ (መብራት ሲያልፍበት በሚግል ሽቦ) ሲሆን፣ የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ ፈጥኖ ነው የሚወድቀው። 220 ቮልት መሆን የሚገባው መብራት 180 ሲገባ የማሽኑ ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 150 ሲደርስ ደግሞ ከግማሽ በታች ይሆናል። እርስዎ «ማሽኑ ይዞራል፣ ልብሱ ግን እርጥብ ነው» ያሉትም ይኸው ነው እንጂ የማሽን ብልሽት አይመስለኝም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በሚያግልበት ሰዓት ልብስ ለማድረቅ የሞከረ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ልብስ የምናጥብበትን ቀን የምንመርጠው እኛ አይደለንም፤ ውኃው በመጣበት ቀን የተጠራቀመው ሁሉ ይታጠባል፤ ያ ቀን ደግሞ በነሐሴ ከሆነ ፀሐይ የምትወጣው ለአፍታ ነው። የሕፃን ሽንት ጨርቅና የተማሪ ዩኒፎርም ገመድ ላይ ሰንብቶ ሲሸት ከማየት ለሩብ ኪሎ ጋዝ መክፈልን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። የጋዝ ማድረቂያም ያለ መብራት አይሠራም፤ ጋዙ የሚያገለግለው አየሩን ለማሞቅ ብቻ ነው፤ በርሜሉንና አየር የሚስበውን ፋን የሚያዞረው፣ እሳቱንም የሚያቀጣጥለው ኤሌክትሪክ ነው። ልዩነቱ የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ለሬዚስታንሱ ብቻ 5000 ዋት ገደማ ሲወስድ፣ የጋዙ ሞተር ግን 600 ዋት አካባቢ ስለሚበቃው በስታቢላይዘርም (የሚዋዥቅ ቮልቴጅን በሚያስተካክል ዕቃ) ሆነ በአነስተኛ ጀነሬተር ሊሠራ ይችላል። ወንድምዎ የሚልከው ማሽን የተሠራው ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ 2000 ዋት የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ትራንስፎርመር ኸርዙን ግን አይለውጥም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ሞተሩ ከታሰበለት ፍጥነት በአንድ ስድስተኛ ቀንሶ ይዞራል፣ ከወትሮውም የበለጠ ይሞቃል፤ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዙር አከታትሎ ከማድረቅ ይልቅ በመሐል ማሳረፍ ይገባል። ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ የጋዝ ማድረቂያ ማግኘት ከተቻለ፣ ዋጋው ቢጨምርም፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጋዙ ዓይነት ነው። በአሜሪካ የሚሸጡት ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ለተፈጥሮ ጋዝ ተስተካክለው ነው። የሲሊንደር ጋዝ በተመሳሳይ መጠን ከተፈጥሮ ጋዝ ከእጥፍ በላይ ሙቀት የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚመጣበት ግፊትም ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም ጋዝ የሚወጣበት ኖዝል ሳይቀየር ማሽኑ ከሲሊንደር ጋር ቢገናኝ፣ ነበልባሉ ከማቃጠያው ሳጥን አልፎ ይወጣል፣ ጥላሸት ያጠራቅማል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ለየማሽኑ ሞዴል የሚስማማ የመቀየሪያ ዕቃ በአምራቹ ይሸጣል፤ እዚህ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ወንድምዎ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲልከው ከወዲሁ ይንገሩት። «በመሰርሰሪያ አስተካክለዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢገጥምዎ በትሕትና ያሰናብቱት፤ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ከነበረው የጠበበ እንጂ የሰፋ አይደለም፣ ብረትም ተሰርስሮ አይጠብም። የከፍታውም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አምራቾች በየ300 ሜትር ከፍታ የእሳቱ ኃይል በ4 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ የሚያዙት፣ በሳሳ አየር ውስጥ ያልተቀነሰ ጋዝ በሙሉ ስለማይቃጠልና መርዘኛ ጢስ ስለሚፈጥር ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ የረጋ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቢጫ ሆኖ የሚወላወል ከሆነ ማሽኑን ዘግተው ባለሙያ ይጥሩ።

ይህ መርዘኛ ጢስ ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ሰው የሚገድለው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አንዳንድ ሰው ሙቀቱ እንዳይባክን በማለት የማድረቂያውን ቱቦ ወደ ቤት ውስጥ ሲያዞረው አይቻለሁ፤ በኤሌክትሪኩ ቢሆን ቤቱን በእንፋሎት ከማርጠብ የዘለለ ጉዳት ላያመጣ ይችላል፣ በጋዙ ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው። ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ቆርቆሮ ሆኖ በአጭር መንገድ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በየመታጠፊያው አየሩ ስለሚደክምና የጨርቅ ብናኝ ስለሚጠራቀም፣ መታጠፊያው ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ሞተሩ በ50 ኸርዝ ለደከመ ማሽን ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ውስጡ እንጨት ስላለ ቱቦው በቀጥታ እንዳይነካው ክፍተት ይተዉለት። መውጫው ላይ ዝናብ የሚከለክል፣ አየር ሲገፋው የሚከፈት ክዳን ይበቃል፤ ወፍ እንዳይገባ ተብሎ ወንፊት ማድረግ ግን ብናኙ በጥቂት ጊዜ ስለሚደፍነው አይመከርም። የማሽኑ የራሱ ወንፊት ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ይጠረግ። በአሜሪካ በማድረቂያ ማሽኖች ምክንያት ለሚነሡ የቤት ቃጠሎዎች ቀዳሚው ምክንያት አለማጽዳት ሲሆን፣ የእኛ ጋቢና ፎጣ የሚያወጣው ብናኝ ደግሞ ከፋብሪካ ጨርቅ የሚበልጥ ነው።

እኔ ማሽኑን ያስቀመጥኩት ከዋናው ቤት በተለየው ሰርቪስ ቤት ነው፤ ሲሊንደሩ ደግሞ በውጭ በኩል ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ቢያፈተልክ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ወለል ወርዶ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ቦታ ከታች ክፍት የሆነ፣ ከጉድጓድና ከፍሳሽ መውረጃ የራቀ መሆን አለበት። መጋጠሚያዎቹን ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር በሳሙና አረፋ መፈተሽ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማድረቂያው ከወጥ ቤት ምድጃ በእጅጉ የሚበልጥ ጋዝ በአንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ ትንሽ ሲሊንደር በብርዳማ የነሐሴ ጠዋት ሊያልበውና ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ትልቅ ሲሊንደር መጠቀም ነው፤ ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፈላ ውኃ ለማሞቅ መሞከር ክልክል ነው።

ጋዙን በእውነት የሚቆጥበው ግን ማድረቂያው ሳይሆን መጭመቂያው ነው። ሲደርቅ 5 ኪሎ የሚመዝን ልብስ በደቂቃ 1200 ጊዜ በሚዞር ማጠቢያ ሲጨመቅ የሚቀርበት ውኃ ከ3 ሊትር አይበልጥም፤ በእጅ ሲጨመቅ ግን 5 ሊትር ያህል ሊይዝ ይችላል። 12 ኪሎ ጋዝ በመጀመሪያው ሁኔታ 40 ዙር ያህል ሲያደርቅ፣ በሁለተኛው 25 ቢያደርስ ነው። ማጠቢያዎ ደካማ ከሆነ ማድረቂያ ከመቀየርዎ በፊት እሱን ቢቀይሩ፣ ምናልባት ጋዝ የሚለውን ሐሳብ እንዳለ ሊተዉት ይችላሉ። እኛ ቤት በክረምትም ቢሆን ልብሱ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ይሰጣል፤ ማታ ወደ ማሽኑ የሚገባው እርጥበቱ ያልለቀቀው ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ማሽኑ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ለጥምቀት እንግዳ መጥቶ አንሶላው ቢበዛ እንኳ የጥር ፀሐይ ከማንኛውም ማሽን ትቀድማለች።

የአገር ልብስን በተመለከተ፣ ጋቢ በመካከለኛ ሙቀት ገብቶ ጥቂት እርጥበት እንዳለው ወጥቶ ቢሰጣ አይኮማተርም። ጥበብ ቀሚስንና ጥለት ያለውን ነጠላ ግን ለማሽን አይስጡ። ከዚህ የሚብሰው የዘይት ጉዳይ ነው፤ የኑግ ዘይት የነካው ሽርጥ ወይም ቅቤ የጠጣ ሻሽ ታጥቦም ቢሆን ዘይቱ በሙሉ ካልለቀቀ ማድረቂያ ውስጥ አይገባም። የአትክልት ዘይት በሙቀት ከአየር ጋር እየተዋሐደ ራሱን በራሱ ስለሚያሞቅ፣ ልብሱ ተቆልሎ ከቆየ በኋላ ሊነድ ይችላል። ቤንዚን ወይም ላምባ የነካው የሥራ ልብስም ማድረቂያ ውስጥ አይገባም።

ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ የማነሣላቸው ሌላም አማራጭ አለ። በሂት ፓምፕ፣ ማለትም የሞቀውን አየር ሙቀት መልሶ በመጠቀም፣ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ከተለመደው ኤሌክትሪክ ማድረቂያ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰ ኃይል ነው የሚፈጀው፤ ውኃውን በዕቃ ስለሚያጠራቅም የጢስ ቱቦም ሆነ ጋዝ አያስፈልገውም። ቀስ ብሎ ያደርቃል፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉም የመብራት መዋዠቅን ስለማይችል ጥሩ ስታቢላይዘር ይፈልጋል። በሰፈርዎ ቮልቴጁ በማታ ከ190 የማይወርድ ከሆነ፣ ለእርስዎ ቤት ከጋዙ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ስለዚህ ወንድምዎ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የመብራት ሠራተኛ ጠርተው ቮልቴጁን ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ያስለኩ፤ ልኬቱን፣ የሚላክልዎትን ማሽን ሞዴልና የሚቀመጥበትን ክፍል ግድግዳ ዓይነት ጨምረው ቢጽፉልን፣ የቱቦውን አወጣጥና የትራንስፎርመሩን መጠን ለይቼ ልነግርዎ እችላለሁ።