መልስ፦ ዜንና ቀይ በር ያለው መቅደስ አንድ ነው ወይ?

እህቴ፣ ለትምህርት ጉዞ ጃፓን፣ ኪዮቶ እንደምትሄጂ አይቻለሁ። ዜን ሜዲቴሽኑ እዚያው ቀይ በር ያለው መቅደስ ውስጥ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፤ እግር አጣጥፎ መቀመጥ እንደሚከብድሽም ነግረሽናል።

አንድ አይደሉም። ዜን የቡድሂዝም አንድ ቅርንጫፍ ነው። ቶሪ የሚባለው በር ያለው ደግሞ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ መቅደስ ነው። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው የኪዮቶ የሺንቶ መቅደስ ሄደሽ ዜን የት ነው ብትዪ ግራ ይጋቡብሻል። እዚያ ያለው በሺዎች የሚቆጠር ቶሪ ነው። በጠዋት ሂጂ፣ ከረፈደ መተላለፊያ የለም።

የሺንቶ መቅደስ መግቢያ ላይ ውኃና ጭልፋ ታገኛለሽ። መጀመሪያ ግራ እጅሽን፣ ቀጥሎ ቀኝሽን ትታጠቢያለሽ። ከዚያ በግራ መዳፍሽ ውኃ ይዘሽ አፍሽን ትጉመጠመጫለሽ። ጭልፋውን በአፍሽ እንዳትነኪ! እኔ ልጠጣበት ስል ነው መምህራችን እጄን የያዘችኝ።

የዜን ቤተ መቅደስ ሄደሽ ሜዲቴሽኑ ላይ ክብ ትራስ ይሰጡሻል። ጉልበትሽ እንደሚያስቸግርሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ለእንግዳ ወንበር የሚሰጡ ቦታዎች አሉ። ጂንስ አትልበሺ፣ ይይዝሻል። ዓይን አይጨፈንም፣ በከፊል ተከፍቶ ወደ ታች ያያል። ዜን ውስጥ ሶቶና ሪንዛይ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ በሶቶ ፊትሽን ወደ ግድግዳ፣ በሪንዛይ ወደ ክፍሉ መሃል ነው። መነኩሴው ጠፍጣፋ እንጨት ይዞ ሲዞር እንዳትደነግጪ። እጅሽን ገጥመሽ ጎንበስ ካልሽለት ትከሻሽን ጧ ያደርግልሻል። ድምፁ ነው እንጂ ሕመሙ ያን ያህል አይደለም። የኔ እንቅልፍ ግን ብን ብሎ ጠፋ።

ጊዜ ከተረፈሽ ሪዮዋንጂ ወደሚባለው የኪዮቶ የዜን ቤተ መቅደስ ጎራ በዪ። የጠጠሩ አትክልት ቦታ ላይ 15 ድንጋይ አለ፤ በረንዳው ላይ የትም ብትቀመጪ ቢያንስ አንዱ ይደበቃል። እኔ ሦስቴ ቦታ ቀይሬ 14 ነው የቆጠርኩት።