የመልሱን ትክክለኛነት የሚዳኘው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በበይነ መረብ የጥያቄና መልስ መድረኮች ላይ ማንም ሰው መልስ መስጠት ከቻለ፣ ትክክለኛው ከስሕተቱ የሚለየው እንዴት ነው? ከየስሙ አጠገብ የሚታየው ነጥብስ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ አሠራሩ ከመድረክ መድረክ ቢለያይም፣ ጄፍ አትዉድና ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች የመሠረቱት ስታክ ኦቨርፍሎው ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ዳኞቹ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ የድጋፍ ድምፅ ለመላሹ 10 ነጥብ ሲያስገኝለት፣ የተቃውሞ ድምፅ 2 ነጥብ ይቀንስበታል። የሌላውን መልስ የተቃወመ ሰውም ከራሱ 1 ነጥብ ስለሚቀነስበት (ይህን ብልሃት በበኩሌ እጅግ እወድደዋለሁ) በቂም ብቻ ድምፅ መስጠት ዋጋ ያስከፍላል። ጠያቂው ችግሩን የፈታለትን መልስ በአረንጓዴ ምልክት ሲቀበል መላሹ 15 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ሆኖም ምልክቱ መልሱ ለጠያቂው እንደሠራለት እንጂ ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ስለማያረጋግጥ፣ ከሥሩ ያሉትን ሌሎች መልሶችና አስተያየቶች፣ በተለይም የተጻፉበትን ጊዜ፣ ማየት ይገባል።

ነጥቡ ገንዘብ ሳይሆን ሥልጣን ነው። 2,000 ነጥብ ያለው የሌሎችን ጽሑፍ ያለ ገምጋሚ ያርማል፤ 3,000 ያለው ደግሞ ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ይሰጣል። የተዘጋ ጥያቄ አዲስ መልስ ባይቀበልም ታርሞ ዳግም ሊከፈት ይችላል፤ ለምሳሌ «ፕሮግራሜ አልሠራ አለኝ» ብቻ ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ችግር የፈጠረበትን አጭር ኮድና ኮምፒውተሩ ያወጣውን የስሕተት መልእክት ቃል በቃል ቢጨምርበት፣ ጥያቄው መልስ የማግኘት ዕድሉ በእጅጉ ይሰፋል።