ሴት ኮሜዲያኖችን ማን ከለከላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ስታንድአፕ ኮሜዲ በጣም ነው የምወደው፣ የአሜሪካኖቹን ደሞ ዩቲዩብ ላይ አንድም አያመልጠኝም፣ ወንድሞቼ ግን ሴት ኮሜዲያን ስለ ሴቶች መብት ማውራት ከጀመረች ቀልዱ አለቀ ስብከት ነው ይላሉ፣ ጎበዝ ቢሆኑማ ማን ይከለክላቸው ነበር ይሉኛል። ምን ልበላቸው?
አንባቢያችሁ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ስብከት ነው ካሉሽ አሜሪካዊቷን ኮሜዲያን አሊ ዎንግን አሳያቸው። የሰባት ወር እርጉዝ ሆና፣ ሆዷን ገፍታ መድረክ ላይ ወጥታ በ2016 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) የወጣውን ስፔሻሏን፣ ማለትም ሙሉ የመድረክ ቀልዷን ተቀረፀች፣ እዛው ላይ ሴት ኮሜዲያን ከወለደች ከመድረክ እንደምትጠፋ፣ ወንዱ ግን በተወለደለት በሳምንቱ ወጥቶ በልጁ እንደሚቀልድ እያወራች አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። ከዚህ በላይ ፌሚኒስት ቀልድ ከየት ይምጣ?

ማን ከለከላቸው ለሚለው ደሞ የሞኒክን ጉዳይ ንገሪያቸው። በ2010 ኦስካር የወሰደች፣ ዕድሜዋን መድረክ ላይ የጨረሰች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ2018 ኔትፍሊክስ ለአንድ ስፔሻል 500 ሺህ ዶላር እንዳቀረበላት ራሷ ወጥታ ተናገረች፣ ወንዶቹ ኮሜዲያኖች ክሪስ ሮክና ዴቭ ሻፔል ግን ለአንዱ 20 ሚሊዮን እንደሚያገኙ ተዘግቦ ነበር፣ ሴቷ ኮሜዲያን ኤሚ ሹመር እንኳን መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ተሰጥቷት የወንዶቹን ስትሰማ ጠይቃ ወደ 13 እንዳስጨመረች ነው የተፃፈው። ሞኒክ ይሄን ስታነፃፅር ስንቱ አፌዘባት መሰለሽ፣ አስቸጋሪ ናት፣ ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው ተባለች። እሷ ግን ዝም አላለችም፣ በ2019 በዘርና በፆታ መድልዎ ከሰሰች፣ ኩባንያው አላደረኩም አለ፣ በ2022 በስምምነት ተዘጋ፣ በ2023 እዛው ኔትፍሊክስ ላይ ስፔሻሏ ወጣ። እኔ በጣም ነው የማከብራት፣ ስለ ብር መጠየቅ ነውር የሚሆነው ሴት ስትጠይቅ ብቻ ነው እንዴ?

ከብሩ የባሰም አለ። በ2017 አምስት ሴቶች ታዋቂው ኮሜዲያን ሉዊ ሲኬ ያደረሰባቸውን ፆታዊ ትንኮሳ ለኒውዮርክ ታይምስ ተናገሩ፣ እሱም እውነት ነው ብሎ አመነ። ከሴቶቹ ሁለቱ አብረው የሚሰሩ ኮሜዲያኖች ናቸው፣ ነገሩን ለሰው ማውራት ሲጀምሩ የሱ ማናጀር እንደተናደደ ሰሙ፣ ከዛ በኋላ የማናጀሩ እጅ ካለበት ስራ ራሳቸውን እያገለሉ ኖሩ፣ ወንድሞችሽ ማን ከለከላቸው የሚሉት እንግዲህ እንዲህ ያሉትን ነው። እሱ ግን ዓመት እንኳን ሳይሞላው ኒውዮርክ ኮሜዲ ሴላር መድረክ ላይ ሳይታሰብ ወጣ፣ በ2022 ደሞ በምርጥ ኮሜዲ አልበም ግራሚ ሸለሙት፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።