መልስ፦ ወንድምሽን ከጎረቤት አትደብቂው
እህቴ፣ ወንድምሽ በጫትና በአረቄ ሰበብ ታሞ አማኑኤል ሆስፒታል ተኝቶ መውጣቱን ከጎረቤት መደበቅ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ የራሴን ወንድም «ክፍለ ሀገር ሄዷል» እያልሁ ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ። ከሕመሙ ይበልጥ የሰበረው እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ መግባቱ ነበር፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። ለሁሉም ማውራት የለብሽም፤ ለሚጠይቅ ግን «ታሞ ነበር፣ እየታከመ ነው» በቂ ነው። «እብድ» እና «ሱሰኛ» የሚሉትን ስሞች ከቤታችሁ አስወጡ። ቡና ሲፈላ አብሯችሁ ይቀመጥ። ጠበል ብትወስዱትም መድኃኒቱን አታስቋርጡት፤ በድንገት ከቆመ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስዱ መክረው ነበር። ጫት ግን ለእንግዳም ቢሆን እቤት አይግባ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል።