ከየት እስከ የት ለካው?

ልጆቼ፣

እኔ ሥራ ስጀምር የደም ቧንቧ የምንለካው በማስመሪያ ነበር። ፊልሙን መብራት ሳጥን ላይ ሰቅለን፣ ዓይናችንን አጥብበን። ዛሬ ሶፍትዌሩ የአኦርታን፣ ከልብ የሚነሣውን የትልቁን ደም ቧንቧ፣ ስፋት ለክቶ በሰከንዶች ውስጥ ያቀርብላችኋል። እሰየው ነው፤ ማስመሪያው አይናፍቀኝም።

ግን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንድ አዛውንት ሆዳቸውን አሟቸው ሲቲ ስካን ተነሡ። ማሽኑ አኦርታቸው 41 ሚሊሜትር ነው አለ። ሆድ ውስጥ ከ30 ጀምሮ እብጠት ይባላል፤ ለወንድ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ግን 55 ሲደርስ ነው። እንግዲህ 41 ክትትል እንጂ ጥድፊያ አይደለም። መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ቁጥሩን ሪፖርቱ ላይ ገለበጥኩት።

ልፈርም ስል ምስሉን አንዴ ወደ ታች ሳብኩት። በነጩ ክብ ዙሪያ ግራጫ ቀለበት አለ። የረጋ ደም! ማሽኑ የለካው ኮንትራስት (ደሙን ምስሉ ላይ ነጭ አድርጎ የሚያሳየው መድኃኒት) የገባበትን፣ ደም የሚያልፍበትን መሐል ብቻ ነው። ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ በእጄ ስለካው 58 ሆነ። ላቤ መጣ።

ማሽኑ አልዋሸም። ነጩን ለካ ተባለ፣ ነጩን ለካ። «ከየት እስከ የት?» ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

አቆራረጡም ጉድ ይሠራል። ሸንኮራ አገዳ በሰያፍ ስትቆርጡት ፊቱ ሞላላ ይሆናል፤ አገዳው ግን አልወፈረም። በዕድሜ የተጣመመ አኦርታም እንደዚያው ነው። ደህና ሶፍትዌር መጀመሪያ የቧንቧውን መሐል መስመር ፈልጎ፣ በዚያ መስመር ላይ አግድም ይቆርጣል። ጠመዝማዛውና ካልሲየም የበዛበት ቦታ ላይ ግን መስመሩ ራሱ ይስታል። በዓይናችሁ ተከተሉት።

የአንገት ደም ቅዳ ጥበትማ ሌላ ጣጣ አለው። በ1991 እ.ኤ.አ. ውጤታቸውን ያወጡት የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ጥናቶች ጥበቱን ያሰሉት በተለያየ መንገድ ነው። የጠበበው ቦታ 2 ሚሊሜትር ይሁን። አሜሪካኖቹ ከፍ ብሎ ካለው ጤነኛ ክፍል፣ ከ5 ሚሊሜትሩ ጋር ያወዳድሩታል፤ 60 በመቶ። አውሮፓውያኑ ቦታው ሳይጠብ ይኖረው ከነበረው ስፋት፣ 8 እንበል፤ 75 በመቶ። አንገቱ ያው አንድ አንገት ነው። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ የቱን እንዳሰላችሁ ስክሪኑ ላይ ጻፉልን እባካችሁ።

እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ከቁጥሩ አጠገብ «ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ቃል አበዙ» ይለኛል። ይበል። በስድስት ወሩ ለክትትል የሚመጣውን ምስል የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።