ልተኩስ ወይስ ልክሰስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መላሹ ደሴ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በደን ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ከየጎፍ ደን ሥር ከአባቴ የወረስኩት ሦስት ጥማድ የሚሆን ተዳፋት መሬት አለኝ። ሁለቱ ጥማድ ባሕር ዛፍ ነው፤ የቀረው ቁጥቋጦ ስለሆነ ሰባት ዘመናዊ ቀፎ አስቀምጬበታለሁ። ከመስከረም ወዲህ መከራዬን አየሁ። መጀመሪያ አርባ ያህል አጠና ተቆረጠብኝ። በጥቅምት ሁለት ቀፎ ሌሊት ተከፍቶ ማሩ ተወሰደ፤ ንቦቹንም በችቦ ፈጅተዋቸዋል። አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ውሻ አስከትለው ድኩላ የሚያባርሩ ጎረምሶች መሬቴን መንገድ አድርገውታል፤ የሽቦ ወጥመድም አግኝቻለሁ። ቴክሳስ ያለው የእህቴ ልጅ አጋዘን የሚያድንበት የኪራይ መሬት አለው፤ እሱም በሌባ የተማረረ ነውና ዛፍ ላይ የሚታሰር ካሜራ ላከልኝ። በዘጠነኛው ቀን ካሜራውን ራሱን ሰረቁኝ! የአባቴ ጠመንጃ ፈቃድ አለው። ሌሊት አግኝቻቸው ብተኩስ ሕግ ምን ይለኛል? ወይስ በሚገቡበት በኩል ጉድጓድ ልቆፍር? የእህቴ ልጅ ደግሞ ዛፎቹን ሐምራዊ ቀለም ቀባቸው ይለኛል፤ ቀልዱን ይሁን የምሩን አልገባኝም።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ካሜራው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱን ሌባ ሁሉ የሚወደው ዕቃ ነው፤ የእህትዎን ልጅ ቢጠይቁት እዚያም እንደሚሰረቅ ይነግርዎታል።

ከጠመንጃው ልጀምር፣ ቶሎ እንድንገላገለው። አይተኩሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለይዞታን እጁን አስሮ አልተወውም። በአንቀጽ 1148 መሠረት ይዞታዎን ሊነጥቅ ወይም ሊያውክ የመጣን ሰው በጉልበት መመለስ ይችላሉ፤ የተወሰደብዎትንም እጅ ከፍንጅ ይዘው ወይም ሲሸሽ ደርሰውበት እዚያው ማስጣል ይችላሉ። ግን ያው አንቀጽ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይል እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲናገር መከላከሉ ከአደጋው ጋር እንዲመጣጠን ይፈልጋል። አጠና ተሸክሞ የሚሮጥ ጎረምሳ ጀርባውን ሰጥቶዎታል። ጀርባውን በሰጠ ሰው ላይ ተኩሰው «ራሴን ተከላከልኩ» ቢሉ ማን ይሰማዎታል? ከሳሽ ሆነው መሄድ ሲገባዎ ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ። ደም ደግሞ እኛ ዘንድ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም፤ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ተለምኖ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካሳ ተቆጥሮም ልጆችዎ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ዞር ዞር እያሉ ነው።

ሌላም ነገር ከደብዳቤዎ አይቻለሁ። መሬቱን ከአባትዎ ወረስኩ ብለዋል፤ ጠመንጃውም «የአባቴ» ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በሰው ስም ነው፤ እንደ በሬ አይወረስም። ሌባውን ከማሰብዎ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የመሣሪያውን ነገር መልክ ያስይዙት።

ስለ ጉድጓዱ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ቆፍሬ አውቃለሁና። በገራዶ በኩል ትንሽ የባሕር ዛፍ መሬት ነበረኝ። አጠናዬ ሦስት ጊዜ ሲቆረጥብኝ ብሽቅ ብዬ በአጥሩ ክፍት በኩል እስከ ወገቤ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርኩና ጭራሮና ቅጠል አለበስኩት። የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ ለገበሬ ምክር የምሰጥ ሰው መሆኔን ልብ ይበሉልኝ! በአራተኛው ቀን የገባበት በሬ ነበር፤ የቅሬያችን (የእድራችን) ሰብሳቢ በሬ። እግሩ ተሰበረ፣ ታረደ። ዋጋውን ከፈልኩ፤ ከዋጋው በላይ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ስቆም የተሰማኝ ይብሳል። ሌባው በዚያው ሳምንት በላይኛው በኩል ገብቶ አሥራ አንድ አጠና ወሰደ። በሬ ባይሆን ኖሮ ጭራሮ የምትለቅም ልጅ ልትሆን ትችል ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ሌሊት እነቃለሁ።

ያንን ሌባ በኋላ ያገኘሁት በጉቶ ነው። ጉቶዎቹን ጎንበስ ብዬ ሳይ ሁሉም ላይ አንዲት ቀጭን ጭረት በአንድ አቅጣጫ ወጥታለች፤ መጥረቢያው ስሉ ላይ ተሸርፏል ማለት ነው። ሰኞ ገበያ ሄጄ የአጠና ክምሮችን ታች ታቻቸውን ሳይ ያችኑ ጭረት አገኘሁ። ሻጩን ብጠይቀው የነገረኝ ሰው ችግኙን አብሮኝ የተከለ ጎረቤቴ ነበር። ስንተክል «ሲሳሳ ድርሻ አለህ» ብዬው ረስቼዋለሁ። እሱ አልረሳም። ስርቆቱን አልደግፍለትም፤ ግን ፊት ለፊት ስንቀመጥ አንገቴን የደፋሁት እኔም ነኝ።

ይህን የምነግርዎ የርስዎም ሌባ ከሩቅ የመጣ ስላልመሰለኝ ነው። የትኛው ቀፎ ማር እንደደረሰ የሚያውቅ፣ ካሜራው የተሰቀለበትን ዛፍ በዘጠኝ ቀን የሚያገኝ ሰው መሬትዎን በቀን ያውቀዋል። ስለዚህ ሁሉንም «ሌባ» ብለው በአንድ ጅራፍ አይግረፉ። ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶችን ይለዩአቸው። እነዚያን ቢከለክሉ ዓይንዎን አጠፉ፤ ማን በየት እንደገባ ከነሱ በላይ የሚያይ የለም። እኔ ከዚያ ሽምግልና ወዲህ የወደቀ ቅጠልና ቅርንጫፍ ለሰፈሩ ሴቶች ፈቀድኩ፣ ቀኑን ረቡዕ ብቻ አደረግኩ። ከረቡዕ ውጭ ሰው ከታየ ከኔ ቀድመው የሚጮሁት እነሱ ሆኑ።

አሁን ወደ ሐምራዊው ቀለም። ቀልድ አይደለም። ቴክሳስ በፈረንጆቹ 1997 ባወጣው ሕግ በዛፍ ወይም በአጥር ቋሚ ላይ የተቀባ ሐምራዊ መስመር «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ እኩል ይቆጠራል። መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና ሁለት ሳንቲ ተኩል የሚሰፋ፣ ከመሬት ከ90 ሳንቲ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ባለው ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ጫካ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ከ30 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ሚዙሪ የምትባለው ግዛት እንዲያውም ቀድማ በ1993 አውጥታዋለች። ብልሃቱ ገብቶኛል፤ ሰሌዳን ነፋስ ይጥለዋል፣ ሌባ ይነቅለዋል፣ ግንድ ላይ ያለ ቀለም ግን የት ይሄዳል? እዚያ አጋዘን ለማደን ሰው መሬት በገንዘብ ይከራያል፣ አጋዘኑን ለመሳብ በቆሎ የሚበትን በባትሪ የሚሠራ በርሜል ያቆማል፣ ባትሪውን ይሰርቁታል። ችግሩ ከኛው ብዙ አይርቅም።

እኛ ዘንድ ለሐምራዊ ቀለም እንዲህ ያለ ትርጉም የሚሰጥ ሕግ የለም። ቢቀቡት ጎረቤት «ምን ነካው?» ብሎ ይስቃል እንጂ አይሸሽም። ቁም ነገሩ ግን እኛም ጋ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2053 ሰው መሬት ላይ መግባትን ጥፋት የሚያደርገው ባለይዞታው አለመፍቀዱ በግልጽ ታውቆ ሳለ ሲገባ ነው። «በግልጽ» የምትለዋን ያስምሩባት። ዙሪያውን የድንበር ድንጋዮቹን ኖራ ይቀቡ፤ በሁለቱ መግቢያ ላይ በትልቁ ያጽፉ፤ ከሁሉም በላይ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥተው ይናገሩ። ወረቀት ያላነበበ ሰው ቅሬ ላይ የተነገረውን አልሰማሁም ማለት አይችልም።

ካሜራውን በደረት ቁመት፣ መንገዱን ፊት ለፊት አድርገው ሳይሰቅሉት አልቀሩም፤ ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ያደርጋል። ሌላ ቢልክልዎ በመሰላል ሦስት ሜትር ያህል ያውጡትና አንገቱን ወደ ታች ይድፉት። ሰው ሲሄድ እግሩንና ፊት ለፊቱን እንጂ ሽቅብ አያይም። መሰላሉን ይዘው መመለስ አይርሱ። ሲሰቅሉ ማንም አይኑር፤ ዘመድም ቢሆን። ሌሊት ሲያነሳ ቀይ ብርሃን ብልጭ የሚልም አለና የማይታየውን ዓይነት ይላክልዎ።

የማሩ ነገር ከሁሉም አንጀቴን በላኝ፤ የተቃጠለ ንብ ዳግም አይገኝም። ሳጥኑንና እያንዳንዱን ፍሬም (ሰፈፉ የሚሠራበትን የእንጨት ማዕቀፍ) በጋለ ብረት ምልክት ያድርጉበት፤ ማሩ ቢጠፋ እንኳ ፍሬሙ ሌላ ሰው ጓሮ ሲገኝ ማስረጃ ነው። ቀፎዎቹን ከመንገድ አርቀው ከመኖሪያ ቤት ወይም ከታማኝ ጎረቤት ድምፅ በሚሰማበት ያሰባስቧቸው። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ ማሩ መድረሱን ሌባውም ይቆጥራልና እሱን ቀድመው ይቁረጡ፤ ለንቦቹ ቀለብ መተውን ግን አይዘንጉ። በችቦ የተወሰደ ማር ጢስ ጢስ ይላል። ጠጅ ቤቶችን አንድ ዙር ይጠይቁ፤ ጠጅ ጣዮች ጢስ ያለበትን ማር ባፍንጫቸው ያውቁታል፣ ያመጣውንም አይረሱም።

ስለ አዳኞቹ፦ ድኩላው የርስዎ አይደለም፤ መሬትዎ ላይ ቢያድርም የአገር ሀብት ነው። የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። ስለዚህ ብቻዎን አይጣሉ። የጎፍ የመንግሥት ደን ነው፣ ጠባቂዎች አሉት። ወጥመዱን እንዳዩት አይንቀሉት፤ መጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ አካባቢው እንዲታይ ራቅ ብለው አንድ፣ ጠጋ ብለው አንድ። ከዚያ ለቀበሌውና ለጠባቂዎቹ ያሳውቁና አብረው ይንቀሉት። ድኩላ ማለዳና ማታ ጥላ ለጥላ በአንድ መሄጃ ስለሚመላለስ ወጥመድ አንድ ጊዜ የተገኘበት ቦታ ደግሞ ይጠመድበታል፤ በየሳምንቱ ይመልከቱት። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የቢስክሌት ፍሬን ገመድ ነው፤ የማን ቢስክሌት ፍሬን እንደሌለው መጠየቅ ነውር የለውም።

ለመክሰስ ከቆረጡ ሁለት ነገር በእጅዎ ይኑር። አንደኛ፣ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ዛሬም በአባትዎ ስም ከሆነ ሳይውል ሳያድር በውርስ ወደ ስምዎ ያዙሩት፤ ሲከሱ ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ስርቆቱን ለፖሊስ ያመልክቱ፤ በይዞታዎ እየገቡ የሚያውኩዎትን ደግሞ «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው በፍትሐ ብሔር ይከሳሉ። ይህኛው በአንቀጽ 1149 የሁለት ዓመት ገደብ አለው፤ ሁከቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈው ክሱ ይወድቃል። የተቆረጠውን በቀን በቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ «ከመስከረም ወዲህ» ማለት ለኔ ይበቃኛል፣ ለዳኛ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ግንበኛ ነኝ፤ ለመወጣጫ አጠና በብዛት እገዛለሁ። የተሰረቀውን በምን ልለየው?

መልስ፦ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱ ወንጀል ነውና መጠየቅዎ ደግ ነው። ባለቤቱ ባሕር ዛፉን ሲቆርጥ ወደ መሬት ተጠግቶ፣ አንዴ በደንብ አስልቶ ነው፤ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ይፈልጋላ። ሌባ ጎንበስ ለማለት ጊዜ የለውም፣ ከጉልበቱ ላይ ይመታል። ስለዚህ የአጠናውን ታች ይዩ፦ ሥሩ አካባቢ ሰፋ ብሎ የሚጀምረው ቅርጽ ከሌለው፣ አቆራረጡም ከሁለት ሦስት አቅጣጫ የተቆራረሰ ከሆነ ይጠርጥሩ። ውፍረቱም ይናገራል፤ ባለቤት አንድ መደዳ ሲያወርድ ተመሳሳይ ይሆናል፣ ሌባ ግን ከዚህም ከዚያም መርጦ ስለሚወስድ አንዱ ማገር አንዱ ቋሚ ይሆንብዎታል። ሻጩን ከየት ቀበሌ እንደመጣ ይጠይቁትና ስሙን ይጻፉ። ደብተርዎን ሲያወጡ ዋጋውን በራሱ የሚቀንስ ሻጭ ካጋጠመዎ፣ ይለፉት።